ብስክሌት ዳገት ይጠላል? ጎንደር ከባሕር ዳር፣ ሁለቱም ከሌላው ዓለም የሚማሩት

ድብ ባሕርን የሚያውቅ ሁሉ ሊማሊሞን ያውቃል። ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ዛሪማና አዲአርቃይ የሚሄድ መንገደኛ፣ ያንን አንጀት የሚያላውስ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ሲጨርስ ትንፋሹን የሚሰበስብባት ከተማ ናት። ስለዚህ ከዚህች ከተማ ሆኜ ስለ ብስክሌት ልጻፍ ስል «ወዳጄ፣ ጤና ነህ?» የሚለኝ አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ሊማሊሞን በብስክሌት የሚወጣ ሰው ወይ ዓለምን እዞራለሁ ብሎ የተነሳ ፈረንጅ ነው፣ ወይ ስለት ያለበት ሰው ነው።

እኔ ግን ማንሳት የፈለግኩት የዳገቱን ነገር ሳይሆን የመንገዱን ነው። ለመሆኑ አንድ ከተማ ለብስክሌት የሚመች የሚሆነው እንዴት ነው? ብዙዎቻችን ያለን መልስ አጭር ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት አላት፤ ጎንደር ዳገት ስለሆነች የላትም። አለቀ፣ ደቀቀ። ታሪኩን ሲያገላብጡት ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ሜዳነት ይረዳል እንጂ አይወስንም። የሚወስነው መንገዱ ሲሠራ ማን ታስቦ ነው የተሠራው የሚለው ጥያቄ ነው። ዛሬ በኮሪደር ልማት ስም በየከተማው የብስክሌት መስመር እየተሰመረ ባለበት ጊዜ ደግሞ ይህ የትርፍ ጊዜ ጥያቄ አይደለም።

ለካሚዮን የተቀየሰ አገር

አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. አካባቢ የቆረቆሯት ጎንደር ያደገችው በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል በተዘረጋ ጉብታ ላይ ነው። መንገዶቿን የቀየሰው የሰው እግርና የበቅሎ ኮቴ ነበር። ለዳገት አገር በቅሎን የሚስተካከል የለምና ማንም ቅር ያለው አልነበረም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት መቶ ዓመታት ገደማ ጎማ የሚባል ነገር በከተማዋ ሕይወት ውስጥ ይህ ነው የሚባል ቦታ አልነበረውም።

ጎማ የመጣው ከጦር ጋር ነው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደርን የያዘው የስታራቼ ጦር በካሚዮን ተጭኖ ነበር የገባው። ጣልያን በቆየባቸው አምስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ፒያሳን ሠራ፣ ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን አቆመ፣ ጎንደርን ከአስመራ ለማገናኘትም ሊማሊሞን ፈልፍሎ መንገድ አወጣ። መንገዱ የሚደነቅ የምሕንድስና ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን የተሠራው ድብ ባሕር ያለ ገበሬ ደባርቅ ገበያ ደርሶ እንዲመለስ ታስቦ አልነበረም። የተሠራው ወታደርና ጥይት እንዲያመላልስ ነው። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ነፃ ስትወጣ ጣልያን ሄደ፣ መንገዱ ቀረ፣ ከመንገዱ ጋርም ሐሳቡ ቀረ። መንገድ ማለት የመኪና ነው፤ እግረኛና በቅሎ ዳር ዳሩን ይሂዱ።

ቃላቱም ቀርተዋል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ጎሚስታ፣ ካቴና ሁሉም ከጣልያን አፍ የወረስናቸው ናቸው። የብስክሌት ሰንሰለትና የእስረኛ እጅ የሚታሰርበት ብረት በእኛ ዘንድ በአንድ ስም «ካቴና» መባላቸው ይገርመኛል። አንዱ ሰውን ይዞ የሚሄድ፣ ሌላው ሰውን ይዞ የሚያስቀር!

ብስክሌት ራሱ ግን በዚያ ዘመን ሥር የሰደደው ጎንደር ሳይሆን አስመራ ላይ ነው። «አስመራማ ሜዳ ናት» እንዳትሉኝ። ሜዳነቷ እውነት ነው፤ ሆኖም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ፣ ከጎንደርም የምትበልጥ ደጋ ናት። ለአስመራ የጠቀማት ከተማዋ ሰብሰብ ብላ መሠራቷ፣ ከቤት እስከ ሥራ ያለው ርቀት ማጠሩ፣ ብስክሌት የሚሸጥና የሚጠግን ሰው በየሰፈሩ መኖሩ ነው። መጀመሪያ የጣልያኖቹ መዝናኛ የነበረውን ነገር የአገሬው ሰው ቀምቶ የራሱ አደረገው።

ውጤቱን ኢትዮጵያም አይታዋለች። በ1949 ዓ.ም. አገራችን በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከላከቻቸው 12 ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩበት። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በጎዳና ውድድር በቡድን ዘጠነኛ ወጡ። ይህ የሆነው አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እኛ የሩጫውን ይዘን የብስክሌቱን ረሳነው እንጂ፣ በኦሊምፒክ ከሯጮቻችን ጎን አብረው የጀመሩ ብስክሌተኞች ነበሩን። ከስድስት አሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ጎንደርና ሰሜኑስ? አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ደርቭላ መርፊ የምትባል አየርላንዳዊት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአገሯ ተነስታ እስከ ሕንድ ድረስ በብስክሌት ሄዳ ነበር። ይህቺው ሴት ከሦስት ዓመት በኋላ ኢትዮጵያን ልይ ብላ ስትመጣ ብስክሌቷን ትታ ሰሜንን ያቋረጠችው በበቅሎ ነው። ፋርስንና አፍጋኒስታንን በፔዳል ያቋረጠች ሴት እኛ ዘንድ ስትደርስ «እዚህስ በቅሎ ይሻላል» አለች ማለት ነው። ፍርዱ የተራራው ብቻ አይመስለኝም። ለካሚዮን ካልሆነ በቀር ለሌላ ጎማ የሚሆን መንገድ አልነበረንም።

ባሕር ዳር ብስክሌትን እንዴት አገኘች?

ከጎንደር ወደ ደቡብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ታሪኩ ይለወጣል። ባሕር ዳር እስከ 1950ዎቹ ድረስ ትንሽ ከተማ ነበረች። በ1953 ዓ.ም. ጣልያን በከፈለው የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ተቋሙ ተከፈተ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ጀርመናዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ማክስ ጉተር የከተማዋን ማስተር ፕላን ነደፉ። ዛሬ የምናደንቃቸው ቀጥ ያሉ ሰፋፊ ጎዳናዎች፣ ዘንባባ የተተከለባቸው አካፋዮች የዚያ ዘመን ውርሶች ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ፋብሪካው በሽፍት የሚገባና የሚወጣ ብዙ ሠራተኛ ይፈልጋል። ሠራተኛው መኪና የመግዛት አቅም የለውም፣ በእግሩ እንዳይሄድ ሰዓት ይረፍድበታል። ተማሪውም እንደዚያው። ከተማው ሜዳ ነው፣ መንገዱ ሰፊ ነው፣ መኪናው ጥቂት ነው። ብስክሌት በዚህ መሐል ገባች። ማንም «ባሕር ዳርን የብስክሌት ከተማ እናድርጋት» ብሎ አዋጅ አልነገረም። ሰዓት የሚጠብቀው ሠራተኛ፣ ባዶ ሰፊ መንገድና ለደመወዝተኛ የማይከብድ ዋጋ አንድ ላይ ስለተገናኙ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ራሱን በራሱ አሳደገ። ብስክሌት ሲበዛ ጠጋኝ በዛ። ጠጋኝ ሲበዛ ብስክሌት መያዝ ቀለለ። በየሰፈሩ በደቂቃ ሒሳብ የሚያከራይ መጣ፤ ሕፃኑ በሳንቲም እየተከራየ፣ እየወደቀ እየተነሳ ለመደ። ያ ሕፃን አድጎ በብስክሌት ሥራ ሄደ። ሹፌሩም ብስክሌት ማየት ስለለመደ ፍጥነቱን መጠነ። ብስክሌተኛን የሚጠብቀው ትልቁ ነገር የብስክሌተኛ መብዛት ነው። ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ2002 የዩኔስኮን የሰላም ከተሞች ሽልማት ስታገኝ በስሟ አብሮ ከሚነሳው ነገር አንዱ ይኸው ጸጥ ያለ የጎዳና ሕይወቷ ነበር።

ባጃጅ ሲመጣ

ታዲያ ያለ አዋጅ የመጣ ነገር ያለ አዋጅ ይሄዳል። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ባጃጅ ከተማዋን ሞላት። ባጃጅን እዚህ መክሰስ አልፈልግም። ለስንቱ ወጣት እንጀራ ሆኗል፣ ስንቷን ነፍሰ ጡር በሌሊት ሐኪም ቤት አድርሷል። ችግሩ የመጣው ባጃጁ ብስክሌተኛው ይሄድበት የነበረውን የመንገድ ጠርዝ ሲይዘው ነው። በሕግም በአጥርም ያልተከለለ ቦታ ጉልበት ላለው ነውና ብስክሌተኛው ተገፋ። እናት ልጇን «ተወው፣ ይገጩሃል» አለች። ከተማዋም ተለጠጠች፤ ከቤት እስከ ሥራ ያለው ርቀት ረዘመ። ብስክሌተኛ ሲቀንስ ጠጋኙ ጎማውን ትቶ የባጃጅ ሞተር መፍታት ጀመረ። ያ ራሱን በራሱ ያሳደገው ነገር አሁን ራሱን በራሱ ያከስም ገባ። ባሕር ዳር ዛሬም ብስክሌት አላት፤ ነገር ግን የሜዳነት ጥቅም ብቻውን እንደማይበቃ ከእሷ የተሻለ ምስክር የለም። መሬቷ ያው ሜዳ ነው፤ የተለወጠው መንገዱ የማን ነው የሚለው ነው።

ሌሎቹ እንዴት አደረጉት?

ሆላንድን ስናይ ሕዝቡ ከነብስክሌቱ የተወለደ ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሆላንድም እንደ ሌላው አውሮፓ መኪናን አምልካለች፣ ለመኪና ስትል ሰፈር አፍርሳለች። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ3,000 በላይ ሰው በመኪና አደጋ ሞተባት፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ልጁን በዚህ አደጋ ያጣው ጋዜጠኛ ቪክ ላንገንሆፍ በቀጣዩ ዓመት ብዕሩን አነሳ፤ «የሕፃናት ግድያ ይቁም» የሚል ንቅናቄ ተወለደ። ወላጆችና ልጆች አስፋልት ላይ ተቀመጡ። በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና አቆመ፤ ሕዝቡ ከተማው ያለ መኪና ምን እንደሚመስል በዓይኑ አየ። በ1977 ደግሞ ክሮኒንገን የምትባል መካከለኛ ከተማ መሐሏን በአራት ክፍል ከፍላ መኪና ከአንዱ ወደ ሌላው በቀጥታ እንዳይሻገር ከለከለች። መኪና ይዞር፣ ብስክሌት ይቁረጥ ነው ነገሩ። ያን ጊዜ ነጋዴው ገበያችን ሞተ ብሎ ጮኾ ነበር። ዛሬ ከተማዋ በዓለም ስመ ጥር የብስክሌት ከተማ ናት።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» ለሚል ቦጎታ አለች። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጎንደር በብዙ ትበልጣለች። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምራ እሑድ እሑድ ዋና ዋና ጎዳናዎቿን ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ትለቃለች። ሕዝቡ ለሃያ ዓመት ከለመደ በኋላ ነው በ1990ዎቹ መጨረሻ ከንቲባ ፔኛሎሳ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የብስክሌት መንገድ የዘረጉት። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ሲሚንቶ።

«ዳገቱስ?» ለሚል ደግሞ የኖርዌይዋ ትሮንድሃይም አለች። እ.ኤ.አ. በ1993 በአንድ ዳገቷ ላይ 130 ሜትር የሚሆን የብስክሌት መግፊያ ተከለች። ብስክሌተኛው ከብስክሌቱ ሳይወርድ አንድ እግሩን ያስደግፋል፤ ማሽኑ ገፍቶ ያወጣዋል። ጎንደር ይህን ትትከል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ዳገት ያለበት ከተማ ሁሉ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም ለማለት ነው። ዛሬ ደግሞ በባትሪ የሚታገዝ ብስክሌት ዳገትን ግማሽ በግማሽ ሜዳ አድርጎታል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ለከለከለችና መብራቷን በአብዛኛው ከውኃ ለምታገኝ አገር ይህ ሩቅ ሐሳብ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የሕንዷ ቢሃር ታሪክ ነው። ቢሃር ከሕንድ ድሃ ክፍላተ ሀገራት አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 መንግሥቷ ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ሴት ተማሪዎች ብስክሌት መግዣ መስጠት ጀመረ። በኋላ የተደረገ ጥናት በዕድሜያቸው ሁለተኛ ደረጃ መግባት ካለባቸው ልጃገረዶች የሚመዘገቡት በ32 በመቶ መጨመራቸውን አሳየ፤ በወንድና በሴት መካከል የነበረው ልዩነትም በ40 በመቶ ጠበበ። የበለጠ የተጠቀሙት ትምህርት ቤቱ የራቃቸው ናቸው። ከዚህም ሌላ ልጃገረዶች ተሰብስበው በብስክሌት ሲሄዱ ማየት በራሱ የአገሩን ዓይን ቀየረ።

ይህ ነገር ለእኛ ለሰሜኖቹ ቅርብ ነው። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ የገጠር ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ወይ በየቀኑ ረጅም መንገድ በእግሩ ይመላለሳል፣ ወይ ከተማ ላይ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ቅዳሜና እሑድ ከቤተሰቡ ስንቅ እያመጣ ይኖራል። ወንዱ እንደምንም ይወጣዋል። ሴቷን ግን ወላጅ «ብቻዋን ከተማ እንዴት ትኖራለች?» ብሎ ያስቀራታል፣ ቀጥሎም ይድራታል። የሊማሊሞን ግድግዳ ለሚወጣና ለሚወርድ ልጅ ብስክሌት መድኃኒት አይሆነውም። በደባርቅና በዳባት አምባ ላይ፣ በደምቢያ ሜዳ ላይ ግን አሥር ኪሎ ሜትር በብስክሌት የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይደለም።

ቀለሙ ይበቃል?

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። ነገሩ በወረቀት ላይ ጥሩ ጀምሯል። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ የአዲስ አበባና የሌሎች ከተሞች ጎዳናዎች ለአንድ ቀን ከመኪና ነፃ ሆኑ። በ2012 ዓ.ም. ትራንስፖርት ሚኒስቴር አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ተነስቶ በየክልሉ ከተሞች ተዳረሰ፤ ባሕር ዳርና ጎንደርም ደረሰ። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የተለየ መስመር ይዞ ተከፈተ። ብስክሌተኛን በፕላን አስቦ መንገድ መሥራት በአገራችን አዲስ ነገር ነውና መመስገን አለበት።

ነገር ግን በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። አዲሶቹን የብስክሌት መስመሮቻችንንም «ማንን ልታገለግሉ ተሠራችሁ?» ብንላቸው «ኮፐንሃገን አጎታችን ናት» ሳይሉን አይቀሩም። መስመሩ መብራትና አበባ ካለበት ጎዳና ጋር ይጀምራል፣ ከጎዳናው ጋር ያልቃል። ከሰፈር እስከ ፋብሪካ፣ ከሰፈር እስከ ትምህርት ቤት ካልተያያዘ ግን ለፎቶ እንጂ ለኑሮ አይሆንም። በልማቱ ምክንያት ቤቱ ፈርሶ ወደ ከተማ ዳር የሄደ ሰው ደግሞ አለ። የእሱ መንገድ ረዝሟል፤ ብስክሌት ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው፤ መስመሩ ግን ቀድሞ በነበረበት ሰፈር እንጂ አሁን ባለበት አያልፍም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ከተለቀቀ ወዲህም በዶላር የሚገባ ዕቃ ሁሉ ተወድዷል፤ ብስክሌትም ከዚያው ውስጥ ናት። መንገዱ ሲሠራ መንጃው ከደመወዝተኛው ከራቀ ምን ዋጋ አለው?

ስለዚህ ለጎንደር የሚሆናት የትኛው ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ከጉብታው አናት መጀመር የለባትም። ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ያለው መስመር የከተማዋ የደም ሥር ነው፤ ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ተማሪው የሚመላለስበት። ወደ አዘዞ ሲወርዱ ነፋሱ፣ ሲመለሱ ላቡ አለ፤ ቢሆንም ሊማሊሞ አይደለም። በማራኪ፣ በቴዎድሮስና በፋሲል ግቢዎች መካከል የሚመላለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ አሉላት፤ ባሕር ዳርን የብስክሌት ከተማ ያደረገው እንደነዚህ ያለ ሰዓት የሚጠብቀው ወጣት ነው። እነዚህን መስመሮች በቀለም ሳይሆን በድንጋይ ጠርዝ ለይቶ መከለል ያስፈልጋል፤ ካልተከለለ ባጃጁ እንደሚይዘው ከባሕር ዳር አይተናል። ብስክሌቱን አስሮ የሚያስቀምጥበትና ጠባቂ ያለበት ቦታ በገበያው፣ በትምህርት ቤቱ፣ በመሥሪያ ቤቱ በር ያስፈልጋል። ለጠጋኙ የምትሆን ትንሽ ሼድ ከአንድ ፏፏቴ ዋጋ አትበልጥም። ሴት ልጅ ስትነዳ «ወይ ጉድ!» የሚለውን አፍ የሚያዘጋው ደግሞ ስብከት ሳይሆን የሴቶቹ መብዛት ነው፤ ከትምህርት ቤት ቢጀመር ያምራል።

ታሪኩ የሚነግረን ይህንን ነው። ጣልያን መንገድ ሲሠራ ለካሚዮኑ አስቦ ነበር፤ ካሚዮኑ ሄደበት። ባሕር ዳር ውስጥ ሰፊ መንገድና ሰዓት የሚጠብቀው ሠራተኛ ተገናኙ፤ ብስክሌቱ መጣ። ለሠራተኛው የሚቆምለት ሕግ ሲጠፋ ብስክሌቱ ተገፋ። አሁን የተሠራውን መስመር የምንመዝንበት መለኪያም ቀላል ነው፤ በምርቃቱ ቀን ማን ሪባን ቆረጠ አይደለም። በሥራ ቀን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ማን ይነዳበታል? መልሱ ደብተሯን ከኋላ ያሰረች ተማሪና ምሳ ዕቃውን ያንጠለጠለ ሠራተኛ ከሆነ ከተማዋ ተለውጣለች። ማንም ከሌለበት ግን የተሠራው የብስክሌት መንገድ ሳይሆን የመንገድ ዳር ጌጥ ነው።